ተመስገን ያልኩበት ሐሙስ

ተራራው የተናደው ሰኞ ጠዋት ነው። እኔ የሰማሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። በመካከሉ በነበሩት ቀናት ታናሽ ወንድሜ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ የሚያስጨንቅ ነገር መኖሩን ሳላውቅ ኮልፌ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ክፍልፋይ እማር ነበር።

ወንድሜ የሚኖረው ደቡብ፣ ጎፋ ዞን፣ አባታችን ትቶልን በሄደው መሬት ላይ ነው። እናታችን ስትሞት ገና መሄድ አልጀመረም፤ እኔ ጀርባ ላይ ነው ያደገው። ለእሱ ስል አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋረጥኩ። ላማርር ብዬ አይደለም የማነሳው። ጌታ ጊዜውን ጠብቆ መለሰልኝ። ልጆቼ ካደጉ በኋላ፣ ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ክረምት ላይ ተማሪዎቹ ሲያርፉ ክፍሎቹን ለእናቶች ከፈተ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት። ጠዋት ሱቄ ውስጥ ለሸማኔዎች ድርና ማግ እሸጣለሁ፤ ከሰዓት ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ።

ዴስኮቹ የትንንሽ ልጆች ናቸው፣ ጉልበታችን አይገባም። ስለዚህ እግራችንን ወደ መተላለፊያው አውጥተን፣ እንደ ድሮ ውይይት ታክሲ ተሳፋሪ ፊት ለፊት እየተያየን ነው የምንቀመጠው። የወንበር ጓደኛዬ አየር ጤና ሽንኩርትና ድንች የምትነግድ የጉራጌ ሴት ናት፤ አፏ አያርፍም። መምህራችን ሠላሳ ያልሞላት፣ እዚሁ ኮልፌ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። እኛ «ቲቸር» እንላታለን። እሷ ስለምንበልጣት «እርስዎ» ትለናለች።

«እርስዎ እያለች ዜሮ የምትሰጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ትለኛለች የወንበር ጓደኛዬ። «እኔ ብሆን አንቺ ብላኝ አሥር ብትሰጠኝ ነው የምመርጠው።»

ክፍል ስንገባ ስልካችንን በር አጠገብ በተቀመጠ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ እናስቀምጣለን። የቲቸር ሕግ ነው። ለብዙዎቻችን ሰው የማይጠራን ሁለት ሰዓት ያ ብቻ ነበርና ሕጉን ወደነው ነበር።

ሰኞ ማታ፣ ራት ሳይቀርብ፣ የልጆቼ አባት ስልኬን ወሰደው።

«ስክሪኑ ተሰንጥቋል፤ ላሠራልሽ» አለ።

ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቴሌቪዥኑም ዲሹ በዝናብ ዞሯል ተባለ። ልጆቼ ሳይታዘዙ ዕቃ አጠቡ። በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ለመክፈት ስነሳ ባለቤቴ ቁልፉን ቀድሞ ይዞታል። «እኔ እውላለሁ፣ አንቺ ፈተና ደርሶብሻል፣ አጥኚ» አለኝ። ፈተናው ገና አንድ ወር ነበረው። እሱ እንደ ወጣ ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት «በዚህ ሳልፍ» ብላ ገባች፤ እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሳችም።

አሁን ሁሉም ይገባኛል። ደንበኞቼ የአገሬ ሰዎች ስለሆኑ ሱቅ ብውል በአንድ ሰዓት ውስጥ እሰማ ነበር። ባለቤቴ ለወንድሜ ሲደውልለት አላገኘውም። ሞቶም ከሆነ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ማለዳ መጥቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዘኝ ሰው አጠገቤ ቆሞ ነው የሚነገረኝ። የደም ግፊትም አለብኝ። ስለዚህ እርግጠኛ እስኪሆን ዝም አለ፤ ሰፈሩም አብሮት ዝም አለ። ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። የመጣልኝ ሐሳብ ባለቤቴ ታሟል የሚል ነበር። ሐኪም አንድ ነገር ነግሮት እንዴት እንንገራት ብለው ሁሉም የተጨነቁ መሰለኝ።

ማክሰኞ ክፍል ስገባ ወሬው ቆመ። የወንበር ጓደኛዬ ሁልጊዜ የምንጣላበትን የግድግዳውን ጥግ ለቀቀችልኝ። እርሳሴን አንስታ ቀረጸችልኝ።

ሰኞ ዕለት ቲቸር «ነገ ገጽ ሠላሳ ሁለትን አንብባችሁ ኑ» ብላን ነበር። አንብቤዋለሁ። ስለ ዛፍና ስለ አፈር ነው፤ ተዳፋት ላይ ያለ ዛፍ ሲቆረጥ ዝናብ አፈሩን እንዴት ይዞት እንደሚወርድ። መጽሐፉ ሳይነግረኝ የማውቀው ነገር ስለሆነ ጮክ ብዬ ላነበው ቸኩዬ ነበር።

«ዛሬ ገጽ ሠላሳ አራት ነን» አለች ቲቸር።

«ቲቸር፣ ሠላሳ ሁለት አልተነበበም እኮ» አልኩ።

«አውቃለሁ። በኋላ እንመለስበታለን።»

«እኔ አጥንቼው ነው የመጣሁት። ላንብበው?»

ጠመኔውን በጣቷ አገላበጠች። የወንበር ጓደኛዬ እግሬን ረገጠችኝ።

«ተይ እስቲ፣ አትሟገቺ» አለች።

«አንቺ ነሽ ዛሬ አትሟገቺ የምትይኝ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ መልስ አታጣም ነበር። አንገቷን ደፍታ መጽሐፏን ገለጠች፤ እሱም ገጹ ሌላ ነበር። ገጽ ሠላሳ አራት ስለ ንብ ነው። ስለ ንብ አነበብን።

ረቡዕ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ ያያል፣ ሳይናገር ይሄዳል። ሁለተኛው ላይ ዓይናችን ተገጣጠመና ቶሎ ዞረ። ያኔ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ስመዘገብ የአራተኛ ክፍል ካርድ አምጪ ተብዬ አላመጣሁም፤ ካርዱም ትምህርት ቤቱም ዛሬ የሉም። ሊያስወጡኝ ነው፣ ይህን ያህል የሚያዝኑልኝም ለዚህ ነው አልኩ። ስንወጣ የወንበር ጓደኛዬን ጭቃው መሐል አቆምኳት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምን ታጠፊያለሽ።»

«በካርዱ ምክንያት ነው? ሊያስወጡኝ ነው?»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ሞላ።

«ምን ሆንሽ?»

«ሽንኩርቱ ነው» አለች፣ በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «ከእጄ አይለቅም።»

በዚያን ቀን አመሻሽ ቤት ውስጥ ስንጸልይ ለባለቤቴ ጤና ጸለይኩ። አሜን አለ። ግን አሜኑ የታመመ ሰው አሜን አልነበረም፤ አንድ ነገር የደበቀ ሰው አሜን ነበር። ጌታ ሆይ፣ ያልገባኝን አንተ ታውቀዋለህ ብዬ ተነሳሁ።

ሐሙስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቲቸር ሰሌዳው ላይ ሦስት አራተኛን ጽፋ በሁለት ልታባዛ ስትል በሩ ተከፈተ። ልጇ ታሞባት ከሰኞ ጀምሮ ሆስፒታል የቆየች አንዲት የክፍላችን እናት ናት። ለእኔ እንዳይነገረኝ የተባባሉትን አልሰማችም። ጃንጥላዋን አራግፋ፣ ስልኳን ሳፋው ውስጥ ጥላ፣ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ይቅርታ ቲቸር። ታክሲው ውስጥ ሬዲዮ ስሰማ ወራጅ ማለት ረስቼ ጦር ኃይሎች ደርሼ ነው የተመለስኩት። የጎፋው ተራራ እኮ፣ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሄዱትንም ደርቦ ቀበራቸው አሉ።»

ፊታችንን በየተራ አየች።

«ምነው?» አለች።

«የምን ተራራ?» አልኩ እኔ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ስልኩ፣ ዲሹ፣ ቁልፉ፣ ገጽ ሠላሳ ሁለት፣ ሽንኩርቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘ። ብድግ አልኩ። ቲቸር መጥታ ክንዴን ያዘች።

«ይቀመጡ።»

«የትኛው ቀበሌ ነው?»

«ይቀመጡ፣ እነግርዎታለሁ። የእናንተው አካባቢ ነው። ግን የወንድምዎ ነገር አልታወቀም። ስልኩ አይሠራም፣ ይኸው ነው። ሞተ ያለ ሰው የለም። ባለቤትዎ እየደወለ ነው፣ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ጋ እየደወለ ነው።»

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ?»

የወንበር ጓደኛዬ «ካንቺ ጋር ስቀመጥ ሲኦል ነበር የምቀመጠው» አለች፣ ቀስ ብላ።

አንዲቱ እንጸልይ አለች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ክፍል ነው፤ ሁሉም በየራሱ መንገድ ጸለየ። እኔ ግን ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። የሆነው ሰኞ ሆኗል። ሐሙስ ላይ ቆሜ አትርፍልኝ ብል፣ ተርፎ ከሆነ ተርፏል፤ ካልተረፈም ሦስት ቀን አልፎታል። ያለፈን ነገር እንዴት ይለምኑታል? እጄን ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ቲቸር ትከሻዬን ይዛ ከአጠገቤ አልተነሳችም። ትምህርቱ በዚያው ቀረ።

ያኔ በሩ ተንኳኳ።

ርዕሰ መምህሩ ነው። ከኋላው ጋቢ የለበሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌና ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ይታወቃል፤ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፈው አያውቅም። ርዕሰ መምህሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ቲቸርን ጠራትና ቢሮ ለአንድ ጉዳይ ትፈለጊያለሽ አላት። መጀመሪያ እሷን ሊነግሯት፣ እሷ ደግሞ እኔን እንድትይዘኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ሁሉም እንደዚያ አሰበ። የወንበር ጓደኛዬ ወገቤን በሁለት እጇ አቀፈችኝ፤ እንዳልወድቅ ነው።

«ወንድሜን» አልኩ። ከዚያ ጮህኩ። «ወንድሜን፣ ወንድሜን።»

ክፍሉ በሙሉ አብሮኝ ተነሳ። ያ ሦስት ቀን የታመቀ ልቅሶ ሁሉ ወጣ። ቲቸርም ልትወጣ የነበረችው ተመልሳ አቀፈችኝ፣ ጉንጯን ጉንጬ ላይ አድርጋ «አይዞዎት፣ አይዞዎት» እያለች ታለቅሳለች። በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ያዩት ይህን ነው፤ ቲቸር ታለቅሳለች፣ ክፍሉ በሙሉ «ወንድሜን» እያለ ያለቅሳል። ነገሩ ቀድሞ የደረሳት መሰላቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሰምተሻል ለካ፣ ልጄ» አሏት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ። ወንድምሽ እንደ ወንድ ነው የሞተው።»

ቲቸር ቀና አለች። እጇ ገና ትከሻዬ ላይ ነው።

«ምኑን ሰማሁ?» አለች።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መልሰው ሊያደርጉት ሞከሩ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴት አፏን በመዳፏ ያዘች። እኔ ማልቀሴን አላቆምኩም ነበርና ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሊያረጋጋኝ ብሎ ይመስለኛል፣ «እናት፣ የእርስዎ ወንድም አይደለም» አለ። «የሷ ነው።»

እኔም «ተመስገን ጌታዬ» አልኩ።

በልቤ አይደለም። ጮክ ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ከአፌ ሲወጣ የቲቸር እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ከዚያ እጇ ተነሳ። አየችኝ። ያ አስተያየት ምን እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም። ቁጣ አልነበረም። አንድ ነገር ልትጠይቀኝ የፈለገች ትመስል ነበር።

ደግፈው ወሰዷት። እኛ ቀረን። ስልካችንን ከሳፋው ማንሳት እንኳ ማን ይጀምር እንደሆነ አልታወቀንም። ሰሌዳው ላይ ሦስት አራተኛ ሲባዛ በሁለት ተጽፎ ቀርቷል።

በኋላ የሰማነው እንዲህ ነው። የቲቸር ወንድም የጤና ባለሙያ ነበር፤ ለሥራ ተመድቦ ከዚያ ተራራ ራቅ ባለ ከተማ ነበር የሚኖረው። ሰኞ መጀመሪያ የተናደውን ሲሰማ የተቀበሩትን ለማውጣት ከሰዎች ጋር ሄደ። ሁለተኛው ናዳ እዚያ አገኘው። ጓደኞቹ ስትደውልላቸው «ደህና ነው፣ ኔትወርክ የሌለበት ለሥራ ወጥቷል» አሏት። ርዕሰ መምህሩ ከረቡዕ ጀምሮ ያውቅ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ የነበረው እሷን ነው። እሷ ከእኔ ስትደብቅ፣ ሌሎች ከእሷ ይደብቁ ነበር። ሽማግሌው አጎቷ ናቸው። ዘመድ ታሟል ብለው ቤት ሊወስዷትና በማግስቱ ማለዳ በሥርዓቱ ሊነግሯት ነበር የመጡት። ሥርዓቱን ያፈረሰው የእኔ ጩኸት ነው።

ዓርብ ጠዋት ባለቤቴ ስልኬን ይዞልኝ መጣ። ስክሪኑ እንደተሰነጠቀ ነው። ከማላውቀው ቁጥር ወንድሜ ደወለ።

«ደህና ነህ?» አልኩት።

«አለሁ» አለ።

ከዚያ ብዙ አልተናገረም። ስልኩ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። በእጁ ሲቆፍር ሰንብቶ ጥፍሮቹ ተነስተዋል። ቤቱ ቆሟል፤ ከጎኑ የነበረው ቤት የለም። ስልኩን ስዘጋ ተንበረከክኩና ተመስገን አልኩ፤ ፊቴን ፍራሹ ላይ ደፍቼ፣ ማንም እንዳይሰማኝ።

መንግሥት የሐዘን ቀን አወጀ። ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ በር ሳልፍ ባንዲራው ዝቅ ብሎ ነበር። እሑድ በጉባኤያችን ምስክርነት እንድሰጥ መድረክ ላይ ተጠራሁ። ሰው እልል ሊል እጁን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። «ወንድሜ አለ፤ የሌሉት ብዙ ናቸው፤ ጸልዩ» ብዬ ወረድኩ። መጋቢው ሲጠብቁት የነበረው ይህ አልነበረም፤ ግን አልተቆጡኝም።

ሰኞ ከወንበር ጓደኛዬ ጋር ለቅሶ ሄድን። ድንኳኑ ጋ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

«እግርሽ ነው ልብሽ የሚመለሰው?» አለችኝ።

«ምን እላታለሁ?»

«ምንም። ትቀመጫለሽ። የልጆች ዴስክ ላይ ሁለት ሰዓት እግርሽን አውጥተሽ የምትቀመጪ ሴት አግዳሚ ላይ ያቅትሻል?»

ገብተን ተቀመጥን። ቲቸር ጥቁር ለብሳ ሴቶች መሐል ነበረች። ስታየኝ እጇን ዘረጋች። ሄጄ ያዝኳት። ያዘጋጀሁት የይቅርታ ቃል ነበረኝ፤ ቀደመችኝ።

«ወንድምዎስ?» አለች።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ሁሉም የክፍሉን ነገር ሰምቷል።

«አለ» አልኩ፣ ዝቅ ብዬ።

«ተመስገን» አለች። እሷም ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ሰው ሲሳሳ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ይቅር በይኝ አልኳት። የነጠላዋን ጥለት አፍተለተለች።

«ሦስት ቀን ሙሉ እርስዎን ሳይ ነበር» አለች። «ንብ ሲያነቡ። ክፍልፋይ ሲሠሩ። ምስኪን፣ አልሰማችም እያልኩ። ከዚያ ደግሞ በልቤ፣ የኔ ወንድም ከተራራው ሩቅ ነው፣ ተመስገን እል ነበር። በየቀኑ፣ እርስዎን ባየሁ ቁጥር። ያኔ ሞቶ ነበር። እኔ ምን ልበልዎት?»

እጇን መልሼ ያዝኩ። የምለው አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም። ማመስገን አላቆምኩም፤ እንዴት አቆማለሁ፣ ወንድሜን ሰጥቶኛል። ግን ተመስገን ባልኩ ቁጥር አጠገቤ ማን እንዳለ ዞር ብዬ አያለሁ። ይህን ጌታ ይውደደው ይጥላው አላውቅም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ቲቸር ተመለሰች። ከስታለች። ስልኮቹን ሳፋው ውስጥ አስቀመጥን፣ እግራችንን ወደ መተላለፊያው አወጣን። ያቺ አርፍዳ የገባችው እናት ያን ቀን ከሁላችንም ቀድማ ነበር የተገኘችው። ቲቸር ስም ጠርታ ስትጨርስ መጽሐፏን ከፈተች።

«ሠላሳ ሁለት እንመለስበታለን ብያችሁ ነበር» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ያጠኑት እርስዎ ነዎት። ያንብቡልን።»

የወንበር ጓደኛዬ ገጹን አገኘችልኝና ጣቷን መጀመሪያው መስመር ላይ አደረገችልኝ። ቆሜ ጀመርኩ። ስለ ዛፉ አነበብኩ፤ ስለ ሥሩ አነበብኩ። ዝናቡ አፈሩን ይዞ የሚወርድበት ጋ ስደርስ ድምፄ ጠፋ። ቲቸር በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ እያየች ነበር። ሳትዞር የቀረውን ቃል ከእኔ ጋር ማንበብ ጀመረች። መጽሐፏ ዴስኩ ላይ ተዘግቶ ነበር፤ ገጹን በቃሏ ታውቀው ነበር። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አብረን አነበብን።